ሞተር ሲያስቸግር መጀመሪያ እንመርምር፣ ኋላ እንግዛ



የወፍጮው ሞተር አልነሳም ያለ ቀን ምን እንደሚሆን ለእናንተ ነጋሪ አያስፈልግም። እናቶች እህላቸውን እንደተሸከሙ ይመለሳሉ። ቀን ማሳ ላይ የዋለች እናት ማታ ደግሞ ወፍጮ ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብላ መጅ ስትገፋ ታመሻለች። አህያ ያለው ጭኖ ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል። የቆመው የመስኖ ፓምፕ ከሆነ ደግሞ ወንዙ ከታች እየፈሰሰ ሽንኩርቱ ከላይ ይደርቃል።

ታዲያ በዚህ ጊዜ አንዱ ይነሳና «ባትሪው ሞቷል» ይላል። ሌላው «የለም፣ ሞተሪኖው ነው» ይላል። ገንዘብ ይዋጣል፤ ሰው ይላካል። ከአዲ አርቃይ የተነሳ ሰው ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ መድረስ አለበት። ዕቃው እዚያ ካልተገኘ ዳባትን አልፎ ጎንደር ድረስ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቀዋል። ዕቃው ተገዝቶ ይመጣል። ሞተሩ ይነሳል። ወር ሁለት ወር ይሠራና እንደገና ይቆማል።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ዕቃ ከመግዛታችን በፊት እንመርምር። የመረመርነውንም በደብተር እንጻፍ። ለዚህ ሥራ የሚበቃው አንድ አምፖል፣ ሁለት ሽቦ፣ አንድ ደብተርና ፊደል የቆጠረ አንድ ሰው ነው። ሰውየው ደግሞ ከእንግዲህ በየቀበሌው አለ።

ጎተራው ባዶ ቢሆን ጥፋቱ የማን ነው?

ከአዲ አርቃይ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ በሚገኝ አንድ ቀበሌ ያየሁትን ልንገራችሁ። የወፍጮው ሞተር በቁልፍ የሚነሳ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ባትሪ ተገዛለት። ሁለተኛውም ሲደክም ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። «ባትሪ ነው የሚሞተው ወይስ ገንዘባችን?» የሚል ተነሳ። ገንዘብ ያዡ ያልበላውን በላህ ተባለ። ኋላ አንድ ሽማግሌ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ቺንጊያውን በእጃቸው ቢነኩት እንደ ላላ መጫኛ ተንጠለጠለ። በአንድ ቁልፍ ተወጠረ። ባትሪው ጎንደር ሄዶ ቻርጅ ተደረገ። እስካሁን ይሠራል።

ነገሩን በእኛው ቋንቋ እንየው። ባትሪ ማለት ጎተራ ነው። እህል አያበቅልም፣ የተጨመረበትን ያስቀምጣል እንጂ። ጎተራውን የሚሞላው ዲናሞው ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው በብዙ ሞተር ላይ ቺንጊያው ነው። ሞተሪኖው ደግሞ ከጎተራው ወስዶ የሚበላው ነው። ሞተሩን ለማስነሳት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ብዙ ይበላል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ዲናሞው የተበላውን ይመልሳል።

እንግዲህ ገበሬው ካላረሰ ጎተራው ባዶ ይሆናል። ባዶ ሲሆን ጎተራውን አፍርሶ አዲስ መሥራት እህል ያመጣል? አያመጣም። ቺንጊያው ላልቶ ዲናሞው ካልዞረ ባትሪ በላይ በላዩ ቢገዛም ውጤቱ ይኸው ነው። በዚያ ቀበሌ የሆነው ይህ ነበር።

ሁሉም ሞተር ባትሪ የለውም

ምርመራ ከመጀመራችን በፊት ሞተራችን በምን እንደሚነሳ እንወቅ። ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው በእጅ መዘወሪያ የሚነሳው የናፍጣ ሞተር ነው። በብዙ አገር ገጠር የታወቀው የእንግሊዙ ሊስተር ሞተር ከ1929 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ የተሠራ ነው። የሚነሳውም በእጅ ነበር። ዛሬ ከቻይና የሚመጣው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተርም ብዙው በእጅ ይነሳል። በእጅ የሚነሳ ናፍጣ ሞተር ለመነሳት ባትሪ አይፈልግም። አልነሳም ካለ የሚታየው ናፍጣው ነው። ታንከሩ አልቆ ከተሞላ በኋላ በቧንቧው ውስጥ አየር ገብቶ ይሆናል። ፊልትሮው ደፍኖም ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ሞተር «ባትሪ አምጡ» የሚል ሰው ቢመጣ ሞተሩን አያውቀውም ማለት ነው።

ሁለተኛው በገመድ የሚሳበው ትንሹ የቤንዚን ሞተር ነው። በወንዝ ዳር የምናየው የውሃ ፓምፕ አብዛኛው ይህ ነው። ይህም ለመነሳት ባትሪ አያሻውም። ብልጭታውን ራሱ ሲዞር ይሠራዋል።

ሦስተኛው በቁልፍ የሚነሳው ነው። ባትሪ፣ ሞተሪኖና ቻርጅ ማድረጊያ ያለው ይኸኛው ነው። ባጃጅም እንዲሁ በባትሪ ይነሳል፤ ነገር ግን በባጃጅና በሞተር ብስክሌት ኃይሉ የሚመነጨው ከሞተሩ ውስጥ ስለሆነ ለቻርጅ የሚወጠር ቺንጊያ አይፈለግም።

በቁልፍ መነሳት የቆየ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ካዲላክ የተባለው መኪና በ1912 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በኤሌክትሪክ የሚነሳ ሆኖ ወጣ። ከዚያ በፊት ብዙ ባለመኪና መዘወሪያ ያዞር ነበር። ጥሩ ነገር ነው፤ ጉልበት ያድናል። እኔ ግን ማኅበር ሞተር ሲገዛ «በእጅም ይነሳል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ እላለሁ። ባትሪ የደከመ ዕለት መዘወሪያው ወፍጮውን ከመቆም ያድነዋል።

በገመድ ለሚሳበው ፓምፕ

ገመዱን ደጋግሞ ከመጎተት በፊት እነዚህ በተራ ይታዩ። ማብሪያው በርቷል? የቤንዚኑ ቧንቧ ተከፍቷል? ቤንዚን አለ? ዘይቱስ?

ዘይቱን ያነሳሁት በምክንያት ነው። በብዙ ፓምፕ ውስጥ ዘይት ሲያንስ ብልጭታውን የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ አለ። ሞተሩ እንዳይቃጠል የተደረገ ነው። የእኛ አገር ወንዝ ዳር ደግሞ ተዳፋት ነው። ፓምፑ ዘመም ብሎ ከተቀመጠ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፤ መቆጣጠሪያው ዘይት ያለቀ ይመስለዋል። ሞተሩ ደህና ሆኖ ሳለ አይነሳም። መድኃኒቱ ዶማ ነው። ቦታውን ደልድሎ ፓምፑን ማስተካከል ነው። ለዚህ ሲባል ደባርቅ ድረስ መሄድ የለም።

ከዚያ ካንዴላው ይፈታ። በቤንዚን የራሰ ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ይደረቅና ይመለስ። ጥቀርሻ ከለበሰ በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ። ጫፉ ላይ ያለው ክፍተት በብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ጥቀርሻ በደጋው ይበዛል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናት። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ሆንዳ ለትናንሽ ሞተሮቹ ባወጣው መመሪያ ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት እንደሚጎድል ጽፏል። ስለዚህ በቆላ በደንብ የሠራ ፓምፕ በደጋ ቢደክም «ተበላሸ» ብላችሁ አትጣሉት።

በቁልፍ ለሚነሳው፦ አራቱ ምርመራዎች

መሣሪያችን ባለ 12 ቮልት የመኪና ወይም የባጃጅ አምፖል ነው። ሁለት ሽቦ ይታሰርበት። ያ በቃ።

1ኛ. ማየትና መንካት። የባትሪው ራስ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ለብሷል? ማሰሪያው በእጅ ሲነካ ይወዛወዛል? ከባትሪው ወደ ሞተሩ ብረት የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ጠብቋል? ብዙ ጊዜ በሽታው እዚህ ላይ ያልቃል። ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት መጥረግ፣ አጥብቆ ማሰር፣ ከላይ ግራሶ መቀባት ነው። ሲፈታ መጀመሪያ የመቀነስ ምልክት ያለበት ይፈታል፤ ሲታሰር እሱ መጨረሻ ይታሰራል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት በትምህርት ቤት ለሒሳብ ብቻ የተማርነው አይደለም። እዚህ ላይ ቢገለባበጥ ዲናሞው ይቃጠላል።

2ኛ. አምፖሉን በባትሪው ራስ ላይ። አንዱን ሽቦ በመደመሩ፣ ሌላውን በመቀነሱ ራስ ላይ ይዛችሁ አንድ ሰው ቁልፉን ያዙር። ዓይናችሁ ከአምፖሉ አይነሳ። አምፖሉ ድምቅ ብሎ እንደበራ ቆይቶ ሞተሪኖው ዝም ካለ ባትሪው ኃይል አለው፤ ኃይሉ ግን አልደረሰም። ቁልፉ፣ ቫልቮላው፣ ሽቦው ወይም ሞተሪኖው ይፈተሽ። ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ አምፖሉ እልም ካለ ግን ጎተራው ባዶ ነው፤ ወይም ባትሪው አርጅቷል።

3ኛ. አምፖሉን በማሰሪያው ላይ። ይኸኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። አምፖሉ በባትሪው ራስ ላይ ሲነካ የሚበራ፣ በማሰሪያው ብረት ላይ ሲነካ ግን ቁልፉ በዞረ ጊዜ የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው ጤነኛ ነው። በራሱና በማሰሪያው መካከል ያለው ቆሻሻ መንገድ ዘግቷል ማለት ነው። ስንት ደህና ባትሪ በዚህ ምክንያት ተጥሏል!

4ኛ. ሞተሩ ተነስቶ እየሠራ። አምፖሉ በባትሪው ላይ እንዳለ ሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር ብርሃኑም ይጨምራል? ከጨመረ ዲናሞው ይሠራል። ካልጨመረ ጎተራው አይሞላም። ሞተሩን አጥፍታችሁ ቺንጊያውን መሐሉ ላይ በአውራ ጣት ተጫኑት። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እሺ ቢል ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከላላ ይወጠር። ደህና ሆኖ ሳለ ቻርጅ ካላደረገ ከዲናሞው ጀርባ ያለው ሽቦ ይታይ፤ እሱም ደህና ከሆነ ያን ጊዜ መካኒክ ይጠራ።

ማኅበሩ ቴስተር መግዛት ከቻለ ደግሞ ነገሩ በቁጥር ይነበባል። አድሮ ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ግድም ያሳያል። 12.0 ካሳየ ጎተራው ሊያልቅ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ማሳየት አለበት። ቁጥር ለሚያነብ ሰው ባትሪው ራሱ ይናገርለታል።

ባትሪው በደንብ ቻርጅ ተደርጎ፣ ማሰሪያው ተፈትቶ ካደረ በኋላ ባዶ ሆኖ ከተገኘ፣ እውነትም ሞቷል። ያን ጊዜ ይገዛ። መግዛትን አልቃወምም። የምቃወመው በግምት መግዛትን ነው።

አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን አውልቆ «ካልጠፋ ቻርጅ ያደርጋል» የሚሉ አሉ። ይህ ለዛሬዎቹ ዲናሞዎች መርዝ ነው። ውስጣቸው ያለው ዕቃ በአንድ አፍታ ይቃጠላል። ደህናውን ዲናሞ በምርመራ ስም መግደል ነው። አምፖሉ ያለ ምንም ጉዳት ያንኑ መልስ ይሰጣል።

ደጋና ቆላ

ባትሪ በቆላ ይታመማል፣ በደጋ ይሞታል። ሙቀት ውሃውን ያደርቅበታል፣ ዕድሜውን ያሳጥርበታል። ብርድ ደግሞ ጉልበቱን ይይዝበታል። ስለዚህ ዛሪማ በረሃ የከረመ ባትሪ ደባርቅ ውርጭ ላይ ጧት አልነሳም ቢል አይግረማችሁ። በቆላ ያላችሁ በየሁለት ሳምንቱ ክዳኑን ከፍታችሁ ውሃውን እዩ። ውስጥ ያሉት ሰሌዳዎች መታየት የለባቸውም። የሚጨመረው ለባትሪ የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። የምንጭ ውሃ አይሆንም። አሲድም አይጨመርበት፤ የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው አለ። ክዳን የሌለው ድፍን ባትሪ ግን አይከፈትም። ዛሬ ጣራ ላይ ሶላር የሰቀላችሁም ይህንኑ እወቁ፤ የእርሳስ ባትሪ በወፍጮ ቤትም በሳሎንም ጠባዩ አንድ ነው።

ጥንቃቄ ይቅደም

ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል። አጠገቡ ሲጋራ፣ ክብሪት፣ ኩራዝ አይቅረብ። ብልጭ ይል እንደሆን ለማየት ሁለቱን ራስ በብረት ማገናኘት ክልክል ነው። አሲድ ዓይን ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ይታጠብና ወደ ጤና ጣቢያ ይሮጥ። ካንዴላ ብልጭታው ሲሞከር ቤንዚን ከአጠገቡ ይራቅ። መዘወሪያ የሚያዞር ሰው አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ያድርግ፤ ሞተሩ መልሶ ቢመታ እጅ የመሰበሩ አደጋ ይቀንሳል። ሞተሩ እየዞረ ቺንጊያ አይነካ፤ ነጠላ የለበሰ ሰውም አይቅረበው። ያረጀ ባትሪ በልጆች እጅ አይግባ፣ አይሰበር። ውስጡ ያለው እርሳስ መርዝ ነው።

የሞተር ደብተር ይኑረን

አሁን ወደ ዋናው አሳቤ ልመለስ። ምርመራው ካልተጻፈ ይረሳል። እያንዳንዱ የማኅበር ሞተር የራሱ ደብተር ይኑረው። ቀኑ፣ ችግሩ፣ የታየው፣ የተደረገው፣ የወጣው ገንዘብ ይጻፍበት። እንዲህ፦

«ኅዳር 12። ሞተሪኖው ቀጭ ብሎ ዝም አለ። አምፖሉ በባትሪው ራስ ላይ ይበራል፣ በማሰሪያው ላይ ይጠፋል። ተፈትቶ ተጠረገ። ተነሳ። ወጪ የለም።»

አምስት ስድስት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ማኅበሩም ይህን ሕግ ያውጣ፦ አራቱ ምርመራዎች በደብተሩ ሳይጻፉ ለሞተር ዕቃ ገንዘብ አይወጣም። ደብተሩ በስብሰባ ቀን ለሁሉም ይነበብ። እንዲህ ቢሆን ያ ገንዘብ ያዥ ያለ ጥፋቱ ባልታማ ነበር። የሚሰርቅ ሰው ካለም ደብተሩ ያጋልጠዋል።

«ሞተር የመካኒክ ነው፣ ገበሬ ምን አገባው?» የሚሉ አሉ። በሬያችሁ መብላት ሲያቆም ምን ታደርጋላችሁ? አፉን ከፍታችሁ ታያላችሁ። ሆዱን ትዳስሳላችሁ። ምን እንደበላ፣ ከየት ውሃ እንደጠጣ ትጠያየቃላችሁ። የእንስሳት ሐኪሙ ሲመጣ ይህን ሁሉ ትነግሩታላችሁ፤ እሱም ደስ ይለዋል። ለሞተር ያን ያህል ዓይን ለምን እንነፍገዋለን? መካኒክ መኖሩ ግድ ነው። የናፍጣውን ፓምፕ መፍታት፣ የሞተሪኖን ሆድ መክፈት፣ የገመድ መሳቢያውን ጥቅልል መነካካት የእሱ ሥራ ነው። ነገር ግን ደብተሩን በስልክ ብታነቡለት ትክክለኛውን ዕቃ ይዞ ይመጣል። ሁለት ጊዜ አይመላለስም፤ ሁለት ጊዜም አትከፍሉም።

«ጽሕፈቴ ገና ነው፣ አፍራለሁ» የምትሉም አላችሁ። እኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ፤ አባቶቼን ልገሥጽ አልመጣሁም። ግን ልንገራችሁ፤ ሞተሩ የፊደል ውበት አይጠይቅም። «ቺንጊያ ላላ» ብሎ የጻፈ ሰው ሥራ ሠርቷል። ፊደልም እንደ ማረሻ ነው፤ ካላረሱበት ይዝጋል።

ደብተሩን ማን ይያዝ ለሚለውም አሳብ አለኝ። ሁለት ሰው ይመረጥ፤ አንዷ ሴት ትሁን። ሞተሩ ሲቆም መጅ ላይ የምትወድቀው እሷ ናት። ሞተሩ ጧት ሲነሳ ድምፁ መለወጡን፣ ቺንጊያው መጮሁን ቀድማ የምትሰማውም ወፍጮ ቤት ደጃፍ ተራ የምትጠብቀው እሷ ናት። የሰማችውን የምትጽፍበት ደብተር ይሰጣት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በሽታውን ያልመረመረ ደግሞ መድኃኒት ሲገዛ ይኖራል። ስለዚህ በሚመጣው የማኅበር ስብሰባ ሦስት ነገር በአጀንዳ ይያዝ። አንድ ደብተር ይገዛ። አንድ አምፖል ከሁለት ሽቦ ጋር ይዘጋጅ። ሁለት ጸሐፊ ይመረጥ። የሦስቱ ሁሉ ዋጋ ተደምሮ የአንድ ባትሪን ዋጋ ጫፉንም አይነካ። ሰብሉ ገብቶ ወፍጮ የሚጨናነቅበት ወር ሳይደርስ ይህን እናድርግ።